ሐኪሙ «ገና እናየዋለን» ሲል ቤተሰብ ምን ይሥራ?

ይህ መመሪያ ከቤተሰባቸው አንዱ አእምሮውን ታሞ፣ ሐኪም ቤት ተወስዶ፣ የበሽታው ስም ግን ቁርጥ ብሎ ላልተነገራቸው ሰዎች ነው። አንዱ ሐኪም «ባይፖላር ይመስላል» ይላል (ስሜት አንዴ ከመጠን በላይ የሚግልበት፣ አንዴ የሚወድቅበት ሕመም ነው)፤ ከወራት በኋላ ሌላው «ስኪዞፍሬኒያም ሊሆን ይችላል» ይላል (የሌለ ድምፅ መስማትና ጥርጣሬ የሚያይልበት ሕመም ነው)፤ ካርዱ ላይ ከስሙ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ታማሚው ደግሞ ዛሬ ማታም እንቅልፍ የለውም። ስሙ እስኪጠራ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ የለም። ስሙን የሚያጠራው አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፣ በቤተሰብ እጅ። እኔም የቅርብ ሰው ካስታመሙት ወገን ነኝ፤ የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ ስለሆነ መንገዱም ብርዱም ጸበሉም የሰሜን ሸዋ ነው።

1. ስሙ ለምን እንደሚዘገይ ተረዱ

የአእምሮ ሕመምን በደም ወይም በራጅ ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚመዝነው ምን እንደሚታይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ሌላ መነሻ እንዳለው ነው። ከነዚህ ውስጥ ጊዜውን ማንም ሊያፋጥነው አይችልም። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መለያ መሠረት፣ ድምፅ መስማትና የሌለን ነገር እውነት ብሎ መያዝ ከ1 ወር ባነሰ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ አጭር ሳይኮሲስ ይባላል። ስኪዞፍሬኒያ ለመባል ግን የሕመሙ ምልክቶች በጠቅላላው 6 ወር መዝለቅ አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መለያ ደግሞ 1 ወር ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለት ሐኪሞች ሁለት ስም ቢሰጡ አንዳቸውም ሳይሳሳቱ ሊሆን ይችላል።

ባይፖላር ከዚህም ይብሳል። ብዙ ጊዜ በድባቴ ይጀምራል፤ ሰውየው እንቅልፍ ሳያምረው የሚሮጥበት፣ ገንዘብ የሚበትንበት፣ ንግግሩ የማይያዝበት የማኒያ ወቅት ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የትኛውም ሐኪም የሚያየው ድባቴን ብቻ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን እ.ኤ.አ. በ1899 እነዚህን ሁለት ሕመሞች ለይቶ ያስቀመጠው የታማሚዎቹን አካሄድ ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ ነበር። ዛሬም ከዚያ የተሻለ አቋራጭ አልተገኘም። «ገና እናየዋለን» የሚል ሐኪም ብዙ ጊዜ ከሚቸኩለው ይሻላል ባይ ነኝ።

2. የሰውነት መነሻ መኖሩን አስመርምሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ቤተሰብ ይዘለዋል፤ አንዳንዴ የተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍልም ይዘለዋል። አእምሮ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ከአእምሮ የተነሣ አይደለም። ሐኪሙን በትሕትና «የሰውነት በሽታ አለመሆኑ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም የሚከተሉትን አስቡ።

በደጋው እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ወይም በታች ሲሠራ ጭንቀት፣ መቅበዝበዝ ወይም ድባቴ መስሎ ይታያል። ቂጥኝና ኤችአይቪ በደም ይመረመራሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከጣለው በኋላ ለቀናት ሊቃዥ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ ወይም ፈዝዞ መቅረት ካያችሁ በስልክ ቅረጹት። ለማሾና ለጤፍ አጨዳ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ትኩሳት ይዞ የተመለሰ ሰው ቢቃዥ ከሁሉ በፊት ወባ ይመርመር። የሚወስደውን መድኃኒትም አሳዩ፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝ፣ ለአስምና ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን አንዳንድ ሰው ላይ አእምሮን ሊያውኩ ይችላሉ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ጫትና አረቄ ለብቻቸው ይጠየቁ። ታማሚው «አልፎ አልፎ ነው» ካለ ጓደኞቹን ጠይቁ። አረቄ ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ የሕክምና ድንገተኛ ነው። ጸበል ገብቶ መጠጥ የተወ ሰው በሦስተኛው ቀን ሲጮህ «አሁን ገና መንፈሱ ተነሣ» ይባላል፤ እናንተ ግን መጀመሪያ የመጨረሻውን መለኪያ መቼ እንደጠጣ አስሉ።

በአንድ ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦ ትኩሳት ያለበት ቅዠት፤ ቀን ደህና ውሎ ማታ ማታ የት እንዳለ የሚጠፋው ሰው፤ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ፤ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ የተለወጠ፤ በወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅዠት ወይም የሌለ ነገር ማየት የጀመራት አራስ። አራሷን ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዉ፤ «አራስ ስለሆነች ነው፣ ይለቃታል» የሚልን ሰው አትስሙ።

3. ደብተር ያዙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። ሐኪሙ ታማሚውን በወር አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ያየዋል፤ ያን ዕለት ደግሞ ታማሚው ታጥቦ፣ ጃኬት ለብሶ፣ «ደህና ነኝ ዶክተር» ብሎ ይመልሳል። የቀረውን ወር ያየው ቤተሰብ ነው።

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። የሚጻፈው የሚታየውና የሚሰማው እንጂ የእናንተ ፍርድ አይደለም። «ዛሬ ብሶበት ዋለ» የሚል ጽሑፍ ለሐኪም አንዳች አይነግርም። እንዲህ ያለው ግን ይነግራል፦

«ኅዳር 12። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ እስኪነጋ ግቢ ውስጥ ተመላለሰ፤ ነጠላ ብቻ ለብሶ ነበር፣ ብርዱ አልተሰማውም። ‹ከአጥሩ ማዶ ስሜን ይጠሩታል› አለ። ቁርስ አልነካም፤ ‹እጅ ገብቶበታል› አለ። ከሰዓት በኋላ እህቱ ስትመጣ ሳቀ፣ አብሯት በላ። ጫት፦ ከትናንት በስቲያ። መድኃኒት፦ ማታ ሰጠሁት፣ ሲውጥ አየሁ።»

ስድስት መስመር ናት፤ ሐኪሙ ግን የእንቅልፉን፣ የድምፁን፣ የጥርጣሬውን፣ የጫቱንና የመድኃኒቱን ነገር አገኘ። ከእህቱ ጋር መብላቱም ትልቅ ነገር ነው፤ ጥርጣሬው ሁሉን ሰው እንዳልያዘ ይናገራል።

ስሙን ለመለየት በጣም የሚረዱትን ሁለት ነገሮች ለይታችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው፣ ሳይተኛ ሲያድር በማግሥቱ ደክሞት ነው ወይስ ጉልበቱ ጨምሮ? ያልተኛ ሰው ሳይደክመው በማግሥቱ አራት ሥራ ከጀመረ ወደ ማኒያ ያመለክታል። ሁለተኛው፣ ድምፁና ጥርጣሬው የሚመጣው መንፈሱ ሲግል ወይም ሲወድቅ ብቻ ነው ወይስ በሌላውም ጊዜ? ስሜቱ በደህናው እያለ ድምፁ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ሐኪሙ ሐሳቡን ይቀይራል። ይህን ከቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

የሃይማኖት ነገርም በጥንቃቄ ይጻፍ። ሱባኤ የገባ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚጸልይ፣ በሕልሙ ቅዱስ ያየ ሰው በእኛ አገር በሽተኛ አይባልም። አብረውት የሚጸልዩት ሰዎች፣ ቄሱ ወይም ሸሁ ራሳቸው «ይኼስ ሌላ ነው» ካሉ ግን ያንን ቃላቸውን ጻፉ።

ደብተሩን ከታማሚው አትደብቁ፤ ሲያገኘው የሚሰማው ክህደት ከጥቅሙ ይበልጣል። «እንቅልፍህን እየጻፍኩልህ ነው፣ አንተም ጨምርበት» በሉት። የሚጨምርበት ቀን ሊኖር ይችላል።

4. መንገዱን አስተካክሉ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ተነሡ፤ የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ደግሞ ጤና ጣቢያን አትናቁ፤ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ያሉበት ጤና ጣቢያ አለና ጠይቁ። በመሐል ሜዳ፣ በአጣዬና በዓለም ከተማ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከፍ ሲል ደብረ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ «አማኑኤል ካልሄድን» ይላል። የተወሳሰበ ነገር ካለ ይኬድ። ግን ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመንዝ ሲነሡ ደግሞ አዳርም አለበት፤ አንድ ጊዜ ደርሶ ክትትሉን ከሚያቋርጥ፣ ቅርብ ያለው ባለሙያ በየወሩ ቢያየው ይበልጣል። አካሄድን ማየት የሚችለው ደጋግሞ ያየ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ደብተሩን እንዳለ አታቀርቡ። በአንድ ገጽ አሳጥራችሁ ያዙ፦ መቼ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ የታመመ አለ ወይ፣ እስከ አሁን የወሰዳቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን። ከቤተሰብ የታመመ ሰው መኖሩን መደበቅ ልማዳችን ነው። ለጎረቤት ደብቁ፣ ለሐኪሙ አትደብቁ።

ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦ «አሁን የሚገምቱት ምንና ምን ነው? አንዱን ከሌላው የሚለየው ምን ብናይ ነው? መድኃኒቱ ለሁለቱም ይሆናል? በምን ያህል ጊዜ ለውጥ እንጠብቅ? ምን ስናይ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንምጣ?» «በሽታው ምንድን ነው?» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ገና ነው» ተብላችሁ ትወጣላችሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ለሚቀጥለው ወር ሥራ ይሰጣችኋል።

5. ስሙ ሳይታወቅ መድኃኒት መጀመሩ አያስደንግጣችሁ

ሐኪሙ የሚያክመው ምልክቱን ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ድምፁን፣ ፍርሃቱን። ሪስፔሪደን ወይም ኦላንዛፒን ለማኒያም ለስኪዞፍሬኒያም ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ስሙን ሳይጨርሱ መጀመር ይቻላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የድባቴ መድኃኒት ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ለብቻው ቢወስደው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል፤ የድባቴ ኪኒን ከጀመረ በኋላ ድንገት «በጣም ዳነ» የተባለ፣ እንቅልፍ የተወ፣ ወሬ ያበዛ ሰው ካያችሁ ለሐኪሙ ፈጥናችሁ ንገሩ። ለማኒያና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት የታዘዘላት ሴት መውለድ የምትችል ከሆነች ደግሞ ጽንስን ስለሚጎዳ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን በአካባቢያችን ብዙ ሰው ያሳሳተ ነገር። ለድምፅና ለጥርጣሬ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ሊጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋ ሊቆለፍ፣ ምላስ ሊወጣ ይችላል። ያየ ሰው «ሰይጣኑ ተገለጠ» ቢል አልፈርድበትም፤ ያስፈራል። ግን የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው፤ ትራይሄክሲፈኒዲልን በመሰለ መድኃኒት ይለቃል፣ በመርፌ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ የመድኃኒቱን ልጣጭ ይዛችሁ። ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመደናገር ጋር ከመጣ ደግሞ ኪኒኑን አትድገሙ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይኬድ።

ሲሻለው ማቆም የሁላችን ፈተና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ ለያዘው ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ 12 ወር መድኃኒቱ እንዲቀጥል ይመክራል። ኪኒን መዋጥ የሰለቸው ሰው በየ2 እስከ 4 ሳምንት የሚወጋ መርፌ እንዳለ ይጠይቅ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለማይጠፋ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ከአንድ ወር የሚያልፍ መድኃኒት በቤታችሁ ይኑር፤ ቁልፉ ግን እናንተ ጋር።

6. ጸበልና ሩቃን ከሕክምናው ጋር አስማሙ

ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድን ቤተሰብ «አትሂዱ» ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ እኔም አልልም። በይፋትና በቀወት ያለው ሙስሊም ወገናችንም ሩቃ ያስቀራል፤ በታማሚው ላይ ቁርአን ማስነበብ ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ። የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በይፋ ተናግረው ነበር። አጥማቂው «መድኃኒቱን ጣሉ» ካሉ ይህን አስታውሷቸው፤ «አባታችን፣ ሐኪሙ ሲቋረጥ ይብስበታል ብሎናል፤ እባክዎ ይባርኩት» ማለት ከክርክር ይሻላል። የነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ ካማከራችሁ ደግሞ ነገሩ ግማሹ አለቀ።

በጾም ወራት የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ውኃ ሳይጠጣ አይዋል፤ በጸበል የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ከሆነም መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊመርዘው ይችላል።

ሰንሰለት። ቤተሰብ የሚያስረው ጠልቶ አይደለም፤ ወደ ደሴው መንገድ ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው፣ በጣርማበር ገደል እንዳይገባ ነው። አውቃለሁ። ግን የታሰረ እጅና እግር ይቆስላል፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ከእናንተ እጅ መድኃኒት አይቀበልም። ማሰር እስኪያስፈልግ ከደረሰ ተኝቶ መታከም ያለበት ጊዜ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

7. ቤቱን ዛሬውኑ አስተካክሉ

ይህ የበሽታ ስም አይጠብቅም። በገጠሩ ሰሜን ሸዋ ጠመንጃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ መሣሪያው ወደ አጎት ወይም ወደ አበልጅ ቤት ይሂድ፣ ታማሚው የት እንዳለ አይወቅ። የጸረ ተባይ መድኃኒትና የነቀዝ ኪኒን ከግቢው ይውጡ። ሌሊት ለሚወጣ ሰው በር ላይ የሚያቃጭል ነገር ስቀሉ፤ በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያለ በርኖስ ማደር አደጋ ነው።

«መሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ወይም ተስፋ መቁረጡን ካያችሁ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፣ ያን ዕለት ሐኪም ይየው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ድምፁ እውነት ነው ውሸት ብላችሁ አትከራከሩ። «እኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ» በሉ።

8. ለሰው የሚነገረውን ቁረጡ

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ያልጸና ስም ከቤት ከወጣ ሐኪሙ ቢቀይረው እንኳ ሰፈሩ አይቀይረውም፤ የእህቱም ሽማግሌ በር ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንድ ቃል ይያዝ። የዕድር እናት መጥተው «ልጄ፣ ወንድምሽን ምን አገኘብሽ?» ቢሉ፣ «እማማ፣ ሕክምና ላይ ነው፤ ሐኪሞቹ እያዩት ነው። ቡና ሲፈላ ይጥሩት፣ ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል» ይበቃል። ውሸት የለበትም፣ ስምም የለበትም፣ ለጠያቂዋም የሚሠሩት ነገር ይሰጣቸዋል። ለቅርብ ሁለት ሦስት ሰው ግን ሙሉውን ንገሩ፤ ሌሊት የሚጠሩ ሰዎች ያስፈልጓችኋል።

አስታማሚም ተራ ይግባ። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም በእናት ወይም በታላቅ እህት ላይ ይወድቃል፤ ወንዶቹ ገንዘብ ልከው ይገላገላሉ። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ይደር።

9. ስሙ ሲቀየር ወይም ሲጸና

ስሙ ሲቀየር «ለካ እስከ ዛሬ የተሳሳተ መድኃኒት ሲወስድ ነበር» ብላችሁ ሁሉን አትጣሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሐሳብዎን ያስቀየረዎት ምን አዩ? ከመድኃኒቱ ምን ይቀጥላል፣ ምን ቀስ እያለ ይወጣል? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ሌላ ሐኪም ማየት ካሻችሁ የመጀመሪያውን ሳትሸሹ፣ ማስረጃውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የድሮ ካርድና የመድኃኒት ወረቀት ሁሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ፣ በስልክም ፎቶ ይነሣ። ስሙ ሲጸና ሐኪሙን ማኅተም ያለው የሕክምና ማጠቃለያ በሁለት ቅጂ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ቤት ይቀራል፣ ሌላው የወር መድኃኒቱን ለሚሰጠው ጤና ጣቢያ ይሰጣል።